የዘጠኝ ቁጥር ቤት ጠማቂ፦ የወይዘሮ ክሬሴንዝ ግላይስነር የሕይወት ታሪክ

አገር ሁሉ «ዜንዝል» እያለ የሚጠራቸው እናታችን ወይዘሮ ክሬሴንዝ ግላይስነር፣ ከአባታቸው ከድንጋይ ጠራቢው ከአቶ ቮልፍራም ሺደርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኦቲሊ ሆል በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 3 ቀን 1936 በሆሄንሮይት ከተማ በታችኛው መንደር ተወለዱ። ከተማችን ያን ጊዜም እንደ ዛሬው ሁለት ዓይነት ቤት ነበራት፤ የመጥመቅ መብት ያለውና የሌለው። መብቱ የቤቱ እንጂ የሰው አይደለም፤ ከግድግዳው ጋር ይወረሳል፣ ከግድግዳው ጋር ይሸጣል። የሺደሮች ቤት ከሌላቸው ወገን ነበር። ስለዚህ እናታችን የተወለዱት ቢራ ከሚጠጡት እንጂ ከሚጠምቁት ዘር አልነበረም።

አባታቸው በ1944 ከጦርነቱ ሳይመለሱ ቀሩ። እናታቸው ወይዘሮ ኦቲሊ የሰው ልብስ እየጠገኑ አራት ልጆች ያለ አባት አሳደጉ። እናታችን ስምንት ዓመት የተማሩት መነኮሳይያት በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ነው። በሒሳብ መካከለኛ፣ በመዝሙር ደካማ፣ በንጽሕና ግን ከክፍሉ አንደኛ እንደነበሩ የትምህርት ወረቀታቸው ይመሰክራል። ይህ የንጽሕና ነገር በኋላ ምን ጣጣ እንዳመጣባቸው እዚህ የተቀመጣችሁት አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ፤ ለማታውቁት ወደፊት እንደርስበታለን። ከትምህርት በኋላ ቫይደን ከተማ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ወጥ ቤት ሰባት ዓመት አገለገሉ።

በ1958 የድንጋይ ካባ ሠራተኛ የነበሩትን አባታችንን አቶ አሎይስ ግላይስነርን በቤተ ክርስቲያናችን ዓመታዊ በዓል ጭፈራ ላይ ተዋውቀው በዚያው መከር ተጋቡ፤ ከታችኛው መንደርም ወደ ገበያው ጎዳና፣ ወደ ዘጠኝ ቁጥር ቤት ገቡ። ዘጠኝ ቁጥር መብት ካላቸው ቤቶች አንዱ ነው። በሆሄንሮይት መብት ያላቸው ቤቶች በጋራው የጥመቃ ቤት በተራ ይጠምቃሉ፣ የፈላውን የብቅል ጭማቂ ወደየምድር ቤታቸው ወስደው እርሾ ይጨምሩበታል፣ ቢራው ሲደርስ ባለ ስድስት ጫፉን የእንጨት ኮከብ ከደጃቸው በላይ ይሰቅላሉ። ኮከብ ያየ ሁሉ ገብቶ ይቀመጣል። ቢራው ሲያልቅ ኮከቡ ይወርዳል፣ ተራው ለሌላው ቤት ይሆናል። ጾይግል የምንለው ይህን ነው።

በዘጠኝ ቁጥር የሚጠምቁት አማታቸው አቶ ጌዮርግ ነበሩ። ሴት የጥመቃውን ቤት ደፍ ከረገጠች ቢራው ይኮመጥጣል ይባል ነበር። በርሜሉን ሴት ብታጥበው ግን አይኮመጥጥም! ይህን ሕግ ያወጣው ሰው በርሜል አጥቦ እንደማያውቅ ግልጽ ነው። እናታችን ሰባት ዓመት በርሜል አጠቡ፤ ሙያውንም የጀመሩት ከዚያው ነው። ባዶ በርሜል አፍ ላይ አፍንጫቸውን ደቅነው የትኛው ጤነኛ እንደሆነ፣ የትኛው መታመም እንደጀመረ ለዩ።

አንድ ቀን አማታቸውን፣ «አባባ፣ ሦስተኛው በርሜል ታሟል» ቢሏቸው፣

«አንቺ አፍንጫሽን ለወጥሽ አስቀምጪው» አሏቸው።

ሦስተኛው በርሜል በሳምንቱ ኮመጠጠ። ከዚያ ወዲህ አቶ ጌዮርግ ከመሙላታቸው በፊት ፒፓቸውን የሚፈልጉ መስለው በማጠቢያው በኩል ብቅ ይሉና፣ ወደ ሌላ አቅጣጫ እያዩ፣ «ለመሆኑ ሦስተኛው እንዴት ነው?» ይሉ ነበር። ምስጋና ከአፋቸው የማይወጣ ሰው ነበሩ፤ ጥያቄያቸው ግን ምስጋና እንደነበረ እናታችን እስከ መጨረሻው ያምኑ ነበር።

እግዚአብሔር ለሁለቱ ሁለት ልጆች ሰጣቸው፤ በ1960 አፍራን፣ በ1963 ይህን የሚያነብላችሁን ኦትማርን። በ1965 አቶ ጌዮርግ አረፉ። በዓመቱ የአባታችንን ቀኝ እጅ ካባው ውስጥ ድንጋይ ጨፈለቀው። ዘጠኝ ቁጥር በ1966 ኮከብ ሳይሰቅል ቀረ፣ በ1967ም ቀረ። መብት ያላቸው ቤቶች የመሠረቱት የማኅበራችን ሕግ ደግሞ አጭርና ግልጽ ነው፤ ሦስት ዓመት በተከታታይ ኮከብ ያልሰቀለ ቤት መብቱን ያጣል፣ ያጣ ቤትም መልሶ አያገኝም። እናታችን ከታችኛው መንደር መጥተው ባገኙት ቤት ሁለት መቶ ዓመት የኖረ መብት በእጃቸው ሊሞት አንድ ዓመት ቀረው። ለአባታችን፣ «አንተ ተቀመጥ፣ እኔ እጅህ እሆናለሁ» አሏቸው።

በኦክቶበር 1968 እንዳሉት ሆነ። አባታችን የጥመቃው ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው በግራ እጃቸው ያመለክታሉ፤ እናታችን እሳት ያነዳሉ፣ ብቅል ያማስላሉ፣ ቢራውን የሚያመርረውን የሆፕ አበባ ይጨምራሉ። በማኅበሩ መዝገብ ጠማቂው አሎይስ ተብሎ ተጻፈ። ሴትዮዋስ ተብሎ ሲጠየቅ «እጁ ናት» ተባለ። እጅ ወንድ ይሁን የሚል ሕግ ስላልነበረ ሁሉም እያጉረመረመ አለፈው።

ትኩሱ ጭማቂ ጣሪያው ሥር ወዳለው የማቀዝቀዣ ገንዳ ከወጣ በኋላ አባታችን እጃቸው ጠዝጥዟቸው ወደ ቤት ሄዱ። እናታችን ከገንዳው ጋር ብቻቸውን ቀሩ። ገንዳው እንደ አውድማ ሰፊ ነው፣ አፉ ክፍት ነው፣ በላዩ ያለው ጣሪያ የመቶ ዓመት ጥቀርሻ ጠግቧል። በመነኮሳይያት እጅ ያደጉ ሴት ይህን አይተው እንቅልፍ ሊወስዳቸው አልቻለም። ወደ ቤት ሮጡና ለሠርጋቸው የተሰፉትን፣ የሁለቱ ስም የተጠለፈባቸውን አራት የተልባ እግር አንሶላዎች አምጥተው ገንዳውን አልጋ እንደሚያነጥፍ ሰው አለበሱት። ጭማቂው ክፍት የሚያድረው እንዲተነፍስና ቶሎ እንዲቀዘቅዝ መሆኑን የነገራቸው አልነበረም። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ማን ይናገራል? እንፋሎቱ አንሶላውን እየነካ፣ በላዩ የቀረውን የእጥበት ሳሙና ይዞ ወደ ጭማቂው ይንጠባጠብ ጀመር።

በማግስቱ አራት ቡናማ አንሶላ በልብስ ማስጫችን ላይ ሲወዛወዝ መንገደኛው ሁሉ እያየ አለፈ። ምን እንደሆነ ግን የገመተ የለም።

በዲሴምበር መጀመሪያ ኮከቡ ተሰቀለ። ከሁለት ዓመት መዘጋት በኋላ ዘጠኝ ቁጥር ተከፈተ ተብሎ ቤቱ ጢም አለ። ተቀዳ። አረፋ የለውም። ቀመሱት። ጋሪ ሠሪው ቤኖ ራይት፣ ነፍሱን ይማርና፣ ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አነሣው።

«ዜንዝል፣ ቢራሽ ንጹሕ ነው። ኧረ እንዲያውም ታጥቧል።»

«ጎመኑንስ ማን ቀቀለው?» አለ ሌላው። እውነትም የተቀቀለ ጎመን ይሸት ነበር፤ ታፍኖ ያደረ ጭማቂ ይህን ጠባይ ያመጣል።

«ቆይ!» አለ ቤኖ ጠረጴዛውን መትቶ። «አንሶላው! አልጋ ላይ አስተኝታው ነው!»

ሳቁ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ተሰማ ይባላል። እናታችን በማግስቱ ጠዋት መሰላል አቁመው ኮከቡን በገዛ እጃቸው አወረዱ። ምድር ቤቱ ቢራ ሞልቶ እያለ ኮከብ የወረደበት ቀን በሆሄንሮይት ታይቶ አያውቅም። ቢራውን ለአሳማዎቹ ቢሰጧቸው አሽትተው ዞር አሉ። ያን ቀን የምድር ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ሽርጣቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ቅስማቸው የተሰበረው በሳቁ እንዳልነበረ በኋላ ነግረውናል፤ ቤቱን የገደልኩት እኔ ነኝ ብለው ነው።

የማኅበሩ ስብሰባ ሁልጊዜ ጃንዋሪ 6፣ በሦስቱ ነገሥታት በሰብአ ሰገል በዓል ነው። በ1969 ስብሰባ አንድ ቀን ብቻ የቆየ ኮከብ፣ ያውም አሳማ የጠላው ቢራ፣ እንደ ኮከብ አይቆጠርም የሚሉ ተነሡ። አባታችን ከጠረጴዛው ተቀምጠዋል፣ እናታችን በር አጠገብ ቆመዋል። ነገሩ በሊቀ መንበሩ በአቶ ክሳቨር ቦይምል እጅ ነበር። አቶ ክሳቨር ሴት በጥመቃ ቤት ማየት የማይወዱ፣ ይህንንም በአደባባይ የሚናገሩ ሰው ስለነበሩ ፍርዱ አስቀድሞ ያለቀ መስሎ ነበር። ብድግ አሉና እንዲህ አሉ፦

«ኮከቡ ወጥቷል። ቢራ ተቀድቷል። እኔ ራሴ አንድ ጠጥቻለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ሕጋችን ኮከብ የሰቀለ ቤት ይላል እንጂ ጥሩ ቢራ የሰጠ ቤት አይልም። ጣዕም ሕግ ውስጥ ከገባ እዚህ ከተቀመጥነው ግማሻችን መብት የለንም። ዘጠኝ ቁጥር ይቆያል። ወደሚቀጥለው።»

ሲወጡም በር ላይ ቆም ብለው፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ሰኞ ጠዋት እንጨት ይዘሽ ነይ። አንሶላሽ እቤት ይቅር» አሏቸው።

እናታችን ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ሦስት ክረምት እንጨት ተሸክመው ሄዱ፤ ሰው ሲጠይቅ እንጨት አቀባይ ናቸው ይባል ነበር። አቶ ክሳቨር እሳቱ ጠፍቶ አተላው ለከብቶቹ እስኪጫን ድረስ ጥያቄ መጠየቅን ከለከሉ። «የሚጠይቅ ሰው መልስ ይማራል፣ የሚያይ ሰው ሥራ ይማራል» ይሉ ነበር። ቴርሞሜትር አልነበራቸውም። የሚሞቀው ውሃ መጀመሪያ በእንፋሎት ይሸፈናል፤ እንፋሎቱ ገለል ብሎ የገዛ ፊት ውሃው ላይ ሲታይ ያኔ ብቅሉ ይገባል።

«ፊትሽን አየሽ?»

«አየሁ። አልወደድኩትም።»

«ቢራው ይውደደው አልተባለም። ጨምሪ!»

በዚህ ዓይነት እሳት መቀነስን፣ የጭማቂውን ጥራት በድምፁ መለየትን፣ እርሾ ከጎረቤት ምድር ቤት በባልዲ መበደርንና በተራ መመለስን ተማሩ። በ1971 መከር ዘጠኝ ቁጥር ያወጣው ቢራ በአምስት ቀን አለቀ። ቤኖ ራይትም መጣ፤ ጠጣ፤ ስለ አንሶላ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ሄደ። እናታችን እንዳሉት በዕድሜው ዝም ያለው ያን ቀን ብቻ ነው።

መጥመቅ አንድ ነገር ነው፣ ከጠመቁት መኖር ሌላ ነገር ነው። የንግዱን ሙያ ያስተማሯቸው የአቶ ክሳቨር ባለቤት ወይዘሮ ሮዚና ናቸው። እናታችን በመጀመሪያው ዓመት ከቫይደን የለመዱትን የአሳማ ጥብስ፣ የድንች ኳስ፣ መረቅ ሲያቀርቡ እንግዳው በልቶ ጠግቦ ሁለተኛ ቢራ ሳይጠጣ ይነሣ ነበር። ወይዘሮ ሮዚና ወጥ ቤታቸው ገብተው የምድጃውን በር ዘጉት። «ልጄ፣ ምድጃ ያነደደ ቤት ምግብ ቤት ነው። አንቺ ቀዝቃዛ ቋሊማ፣ አይብ፣ ዳቦና ፍጅል ስጪ። ለሆድ የሚበቃ፣ ለጥም የማይበቃ» አሏቸው። ዛሬም በዘጠኝ ቁጥር ትኩስ ምግብ የለም።

ሌላውን ትምህርት በገዛ ጥፋታቸው አገኙት። በ1973 ተወዳጅነቱ ልባቸውን አሳብጦት በአንድ ጊዜ ሁለት ጥመቃ ጠመቁ፤ ስላላለቀም ኮከቡን ከተራቸው አሳልፈው አቆዩት። በሳምንቱ ኮከብ የሚሰቅሉት አቶ ክሳቨር ነበሩ። በአንድ ጎዳና ላይ ሁለት ኮከብ! ሰው የትኛው ደጅ እንደሚገባ ጠፍቶት መንገድ ላይ ቆመ። አቶ ክሳቨር መጥተው አልተቆጡም፤ ከራሳቸው ቤት ወጥተው ዘጠኝ ቁጥር ገቡና እንደ ማንኛውም እንግዳ ቢራ አዘዙ። እናታችን ቀድተው ሰጧቸው፣ ፊታቸው ደም መስሎ ኮከቡን አወረዱ፣ እንግዳውን ሁሉ ከነብርጭቆው እየመሩ ወደ አቶ ክሳቨር ቤት ወሰዱት። ንግድ ማለት መዝጊያን ማወቅ ነው የሚለው አባባላቸው ከዚያ ቀን የመጣ ነው።

በ1979 የጋራው የመዳብ ድስት ተሰነጠቀ። መብት ካላቸው ቤቶች የቀሩት ሰባት ነበሩ፣ ለድስቱ መጠገኛ የሚሆን ገንዘብ ግን አልነበረም። ያኔ ስሙን የማላነሣው ትልቅ ጠማቂ ድርጅት መልካም ፊት ይዞ መጣ። ቢራውን እኛ በበርሜል እናመጣለን፣ እናንተ በኮከባችሁ ሥር ቅዱ፤ እንጨት የለ፣ ጥቀርሻ የለ፣ ድካም የለ፤ አለ። አራት ቤቶች ሊፈርሙ ብዕር ይዘው ነበር። እናታችን፣ በስብሰባው የመናገር ልማድ ያልነበራቸው ሴት፣ ተነሥተው፣ «ኮከብ የሚሰቀለው ቢራ ስላለ ነው። የሌላ ሰው ቢራ ከሆነ የምንሰቅለው እንጨት ነው፤ እንጨትማ ጫካው ሙሉ ነው» ብለው ተቀመጡ። አቶ ክሳቨር ያን ጊዜ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸው ነበር፤ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ይህቺ ሴት በአንሶላ ማኅበሩን አልገደለችውም። እናንተ በብዕር ልትገድሉት ነው?»

ብዕሮቹ ተቀመጡ። እያንዳንዱ ቤት አንድ ሰው አወጣ፤ በዚያ ክረምት ሰባቱ ከጫካ እንጨት ቆርጠው ሸጡ፣ መዳብ አንጣሪው ከቦሄሚያ ድንበር መጥቶ ድስቱን ጠገነው። ዛሬም የምንጠምቅበት እሱ ነው። እናታችን ይህን ውለታ አልረሱም፤ ከእያንዳንዱ ጥመቃቸው የመጀመሪያውን ማሰሮ አቶ ክሳቨር በ1988 እስኪያርፉ ለእርሳቸው፣ ከዚያም ወይዘሮ ሮዚና እስከ ሄዱበት እስከ 2003 ለእርሳቸው ይልኩ ነበር። ምን ብለው እንደላኩ ሲጠየቁ፣ «ምን እላለሁ? ቢራ ነው» ይሉ ነበር።

አባታችን በ1994 አረፉ። ከዚያ በኋላ እናታችን ብቻቸውን ጠመቁ፤ በመዝገቡም ላይ የጠማቂ ስም ክሬሴንዝ ተብሎ ተጻፈ። ከሬገንስቡርግ፣ ከላይፕሲግ፣ አንድ ጊዜም ከጣልያን አገር፣ ትንሽ የጥመቃ ቤት መክፈት የሚፈልጉ ወጣቶች ሊማሩ ይመጡ ጀመር። የሚያብረቀርቅ ዕቃና ወፍራም መጽሐፍ ይዘው ይመጣሉ። እናታችን ሁለት ሳምንት በርሜል ያሳጥቧቸዋል። ብዙዎቹ በአራተኛው ቀን ዘመድ እንደታመመባቸው ያስታውሳሉ። የጸኑት አሥራ አንድ ናቸው፤ ስድስቱ ዛሬ በዚህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በኋላ ወንበሮች ተቀምጠዋል፣ እናመሰግናቸዋለን።

የሰው ልጅ ያስተማሩ እናት የገዛ ልጆቻቸውን አላስተማሩም። ኦትማር ድልድይ ሠሪ መሐንዲስ ሆነ፤ ቢራ ራሱን ያሳምመዋል፤ ይህን ለጠማቂ እናት መናገር ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ የሚያውቅ ያውቃል። አፍራ ደግሞ በትምህርት ቤት «አንሶላ» እየተባለች ነው ያደገችው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ መምህርነት ልትማር ወደ ኑርንበርግ ስትሄድ፣ «እኔ እዚያ ጥቀርሻ ውስጥ በሕይወቴ አልገባም» ብላ ነበር። እናታችን ሻንጣዋን ተሸክመው እስከ አውቶቡሱ ሸኟት። አንድም ቀን ተመለሺ አላሏትም፣ ለሌላ ሰውም ስለ እሷ አላማረሩም።

በ2021 ጸደይ እናታችን ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። በዚያ ዓመት ዘጠኝ ቁጥር ኮከብ አልሰቀለም። በ2022 ልባቸው ደከመ፤ አልሰቀለም። 2023 ሦስተኛው ነበር። በበጋው የማኅበሩ ሊቀ መንበር ቬይት ቦይምል፣ የአቶ ክሳቨር የልጅ ልጅ፣ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጦ አባላቱ ሁሉ ተስማምተዋል፣ ሕጉን ለእርስዎ ሲባል እናላላዋለን አላቸው።

«ሕጉ ያኔ ያዳነኝ ቀጥ ብሎ ስለቆመ ነው» አሉት። «አሁን ለኔ ብሎ እንዲጎብጥ አልፈልግም። ተነሥ፣ ሂድ፣ እናትህን ሰላም በልልኝ።»

ቬይት ከወጣ በኋላ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ዋሉ። አፍራ ያን ቀን እዚያ ነበረች። እናቷ ለማንም ምንም እንደማይሉ፣ በጃንዋሪ 6 መዝገቡ ሲዘጋም ዝም ብለው እንደሚያዩ ገባት። ጡረታ ከወጣች ሦስት ዓመቷ ነበር። በሴፕቴምበር ከኑርንበርግ ዕቃዋን ጭና መጣች፣ የምድር ቤቱን ቁልፍ ከምስማሩ አነሣች፣ ወደ አልጋው ሄዳ ብቅሉ መቼ ነው የሚገባው ብላ ጠየቀች።

«ቬይትን ጠይቂ» አሉ እናታችን።

«እማማ፣ አንቺ እያለሽ?»

«እኔ ካዘዝኩሽ ቢራው የኔ ይሆናል። የኔ በርሜልማ አልቋል።»

አፍራ በስልሳ ሦስት ዓመቷ በርሜል አጠበች። ኦትማርና ባለቤቱ እንጨት ተሸከሙ፣ ቬይት ከእሳቱ አጠገብ ሆኖ ሲያይ ዋለ፤ ዕድሜ ለአያቱ፣ ጥያቄም ከለከላት። በኖቬምበር 16 ቀን ኮከቡ ተሰቀለ። እናታችን ፎቅ ላይ ተኝተው ከታች የወንበር ድምፅ፣ የብርጭቆ ድምፅ፣ የሰው ጫጫታ ይሰሙ ነበር። አፍራ አንድ ብርጭቆ ቀድታ ወጣች።

እናታችን ተቀበሏት። መጀመሪያ አሸተቱት። ቀጥሎ ቀመሱት። ሐኪሙ ሁለት ጉንጭ ብቻ ፈቅዶላቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ቀስ እያሉ፣ መስኮቱን እያዩ፣ እስከ ታች ጠጡት። አፍራ ቆማ ፍርዱን ጠበቀች። በእኛ አገር ጠማቂን ጥሩ ነው የሚለው የለም፣ ያሳፍራል፤ የወደደ ሰው ያስደግማል። እናታችን ባዶውን ብርጭቆ ወደ ልጃቸው ዘረጉት።

አፍራ ደረጃውን እንዴት እንደወረደች አታስታውስም። ቀድታ ስትመለስ ተኝተው አገኘቻቸው፤ ብርጭቆውን ከራስጌያቸው አስቀምጣ ወጣች። ጠዋት ነቅተው፣ አረፋው የጠፋውን ቢራ ከቁርስ በፊት እስከ ታች ጠጡት። አፍራ ልትቆጣ ብትሞክር፣ «ተይኝ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሻይ ስጠጣ ነው የኖርኩት» አሏት።

ወይዘሮ ክሬሴንዝ ግላይስነር በቄሳችን እጅ ቅዱስ ቍርባን ተቀብለው፣ ሁለቱ ልጆቻቸው ባሉበት፣ ኖቬምበር 20 ቀን 2023 በተወለዱ በሰማንያ ሰባት ዓመታቸው በቤታቸው አረፉ። የሁለት ልጆች እናት፣ የአራት የልጅ ልጆች አያት፣ የአንዲት ሕፃን ቅድመ አያት ነበሩ። ታናሽ እህታቸው ወይዘሮ ቬሮኒካ ሺደር፣ ልጆቻቸው አፍራና ኦትማር፣ የልጆቻቸው ቤተ ሰቦች፣ ተማሪዎቻቸውና የገበያው ጎዳና ጎረቤቶቻቸው ያለቅሱላቸዋል፣ ያመሰግኑላቸዋል። በሕመማቸው ጊዜ ላልተለዩን ሐኪምና ነርሶች፣ መቃብራቸውን ለቆፈሩት የማኅበሩ አባላት፣ ዛሬ ከቅርብም ከሩቅም ለመጣችሁ ሁሉ ቤተ ሰቡ ምስጋናው ከልብ ነው።

ኮከቡ አልወረደም። ማኅበሩ በኀዘን ይውረድ ወይ ብሎ ሲጠይቅ አፍራ ገና ሁለት በርሜል አለ ብላ መልሳለች፤ ከቀብሩ በኋላ ሁላችሁም ዘጠኝ ቁጥር ግቡ። ለመጣ ሁሉ ደጃቸውን ከፍተው የኖሩትን እናታችንን እግዚአብሔር ደጁን ከፍቶ ይቀበልልን፤ ከወደዷቸውና ከቀደሟቸው ጋር በአንድ ጠረጴዛ ያስቀምጥልን። አሜን።